ስለ ጥሩ መቆሚያ ስፍራ

ሰው የሚያየውን ነገር መምረጥ እንደሚገባው ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ ቆሞ የሚያይበትን ስፍራ መምረጥ እንደሚገባው ግን የሚናገር ጥቂት ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ልመረምረው የፈለግሁት ይህን ሁለተኛውን ነገር ነው። ምሳሌ አድርጌ የምወስደውም ብዙዎች እንደ ልጅ ጨዋታ የሚቆጥሩትን አንድ ልማድ፣ ይኸውም ባቡር ሲያልፍ ቆሞ መመልከትን ነው።

የምኖረው በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በለቡ ነው። ከማስተማር ሥራ በጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ምርኩዜን ይዤ ወደ ፉሪ ለቡ ጣቢያ አቅጣጫ እወጣለሁ። የምሄድበት አገር የለኝም፤ የምቀበለውም እንግዳ የለም። ባቡሩን አያለሁ፤ አይቼም ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። አንድ ቀን ሥራ ወዳድ የሆነ የጎረቤቴ ልጅ ቆሜ አገኘኝና «ጋሼ፣ ሰው ሊቀበሉ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። «የለም፣ ባቡሩን ለማየት ነው» አልሁት። «አይተው ምን ያደርጉታል?» አለና ሳቀ። የሳቀው በትሕትና ነው፤ ነገር ግን ጥያቄው እስከ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

በእርግጥስ አይቶ ምን ይደረጋል? የአገራችን ሰው ሥራ ፈትነትን ሲነቅፍ «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» እያለ ይቀልዳል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያስተማሩኝ መምህራንም ጊዜ ከእግዚአብሔር የተቀበልነው አደራ መሆኑን፣ በከንቱ ያሳለፍነው ሰዓት ሁሉ እንደሚጠየቅብን ነግረውኛል። ስለዚህ ጥያቄውን በሣቅ ላልፈው አልቻልሁም።

ስለ ግሪካዊው ፈላስፋ ስለ ፒታጎራስ የሚተረክ አንድ ነገር አለ። የሰውን ኑሮ በታላቅ የውድድር በዓል መሰለው ይባላል። ወደ በዓሉ አንዳንዱ ለመወዳደርና ለመሸለም ይመጣል፤ አንዳንዱ ለመሸጥና ለመግዛት ይመጣል፤ ጥቂቶች ግን የሚሆነውን ነገር አስተውለው ለማየት ብቻ ይመጣሉ። ከሦስቱ የሚልቁት እነዚህ ናቸው አለ። እኔ በዚህ ላይ ከፈላስፋው ጋር በሙሉ አልስማማም፤ ባቡሩን የሚነዳ፣ ሐዲዱን የሚጠግን፣ ዕቃውን የሚጭን ባይኖር ተመልካቹ ምን ያይ ነበር? ተመልካች የሚኖረው በሠራተኛ ድካም ነውና ከሠራተኛው እበልጣለሁ ሊል አይገባውም። ሆኖም ፈላስፋው አንድ እውነት ነግሮናል። አንድን ነገር ጥቅም ሳይፈልጉበት ማየት ራሱ የአእምሮ ሥራ ነው።

ሥራ የሚሆነው ግን ከዕውቀት ጋር ሲሆን ነው። ምንም ሳያውቅ ባቡርን የሚያይ ሰው የሚያየው ብረት ብቻ ነው። የሚያውቅ ሰው ግን ብዙ ዘመን ያያል። ዐፄ ምኒልክ ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ዓ.ም. ነው። ያ 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ የነበረው፣ ፈቃዱ ከተሰጠ ጀምሮ ከ20 ዓመት በላይ ፈጀ ማለት ነው። «ለገሃር» የምንለውም ስም ጣቢያውን ፈረንሳዮች ከሚጠሩበት ቃል የመጣ ነው። ዛሬ በሰፈሬ የሚያልፈው ሐዲድ ደግሞ ሌላ ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በኩል ተመረቀ፤ መደበኛ የንግድ አገልግሎቱን በ2010 ጀመረ። ከሰበታ ተነሥቶ በለቡ፣ በእንዶዴ፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆና በአዳማ አድርጎ ድሬዳዋን አልፎ ጅቡቲ ይደርሳል፤ ርዝመቱም ከ750 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚጎትተውም በላዩ በተዘረጋው ሽቦ የሚመጣ የ25,000 ቮልት ኤሌክትሪክ ነው።

በልጅነቴ አባቴ ወደ ለገሃር ወስዶ ያሳየኝ ባቡር ገና ሳይታይ ራሱን ያስታውቅ ነበር። የናፍጣ ሞተሩ ጕርምርምታ ከሩቅ ይሰማል፤ ጭሱም ይታያል። የአሁኑ ግን ጭስ የለውም፤ ድምፁም የሚሰማው ቀረብ ካለ በኋላ ነው። ወጣት አንባቢዬ ይህን ልብ ይበል፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ባቡር ማየት የሚወድ ሰው እኔ ብቻ አይደለሁም። ታላቁ የቼክ የሙዚቃ ደራሲ አንቶኒን ድቮርዣክ በፕራግ ከተማ ወደ ጣቢያ እየሄደ ሎኮሞቲቮችን ይመለከት እንደ ነበር፣ ራሱ መሄድ ባልቻለ ጊዜም ቁጥራቸውን ጽፎ እንዲያመጣለት ደቀ መዝሙሩን ይልክ እንደ ነበር ይነገራል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1942 ኢያን አለን የተባለ የባቡር ኩባንያ ወጣት ሠራተኛ የሎኮሞቲቮችን ቁጥር የያዘች ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሕፃናት መጽሐፏንና እርሳሳቸውን ይዘው በየጣቢያው ተሰለፉ። ለእነዚህ ልጆች የተቋቋመው ማኅበር ከአባላቱ የጠየቀው ዋና ነገር ወደ ሐዲዱ ክልል እንዳይገቡና የባቡሩን ሥራ እንዳያሰናክሉ ነበር። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ደንቡ የወጣው ለሕፃናት ነው ብዬ አልፌው ነበር። ለእኔም እንደ ነበር የገባኝ ኋላ ነው።

በለቡ ባቡር ለማየት የሚቆምባቸው ሦስት ዓይነት ስፍራዎች አገኘሁ። አንደኛው የጣቢያው ደጅ ነው። ከዚያ ባቡሩ እምብዛም አይታይም፤ የሚታየው ሰው ነው። ሻንጣ የሚጎትት፣ ልጁን የሚስም፣ ስንቁን የሚያስር፣ ሲሰናበት ዓይኑን የሚጠርግ ሁሉ በዚያ ይገኛል። ባቡሩ ለምን እንደ ተሠራ የሚታወቀው በዚህ ስፍራ ነው። በዚያም የሚቆም ሰው ጥበቃዎቹን ሰላም ብሎ፣ ቢጠይቁት በትሕትና መልሶ፣ ሳያስፈቅድ ፎቶግራፍ ሳያነሣ መቆም ይገባዋል።

ሁለተኛው ከሐዲዱ ራቅ ያለ ከፍ ያለ መሬት ነው። በደቡብ የፉሪ ተራራ፣ በምዕራብ ወጨጫ ይታያል፤ ሐዲዱም በመካከል ተዘርግቶ ይገኛል። ከዚህ ስፍራ ባቡሩ ከራሱ እስከ ጅራቱ ሙሉ ሆኖ ይታያል። ነገር ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ዋናው የጭነት ጣቢያ እንዶዴ ስለ ሆነ፣ በለቡ ባቡር በየደቂቃው የሚመላለስበት ስፍራ አይደለም። ሰው ሰዓቱን ቆጥሮ፣ ፀሐይና ነፋስ ችሎ ይጠብቃል።

ሦስተኛው ስፍራ ከሐዲዱ አጠገብ ነው። በደሌን የሠራሁትም በዚህ ነው።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር፣ ክረምቱ አልፎ መሬቱ እንደ ደረቀ፣ ከፍታው ላይ መቆሙ አልበቃ አለኝ። ዓይኔ ደክሟልና በሎኮሞቲቩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከዚያ ሆኜ ለማንበብ አልችልም። ስለዚህ በአንዲት ቀጭን የእግር መንገድ ወርጄ ከሐዲዱ ጥቂት ርምጃ ያህል ቀርቤ ቆምሁ። «እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ጥንቃቄ አውቃለሁ፤ ማንንም አልጎዳም» አልሁ ለራሴ። ባቡሩ መጣ፤ ቁጥሩን አነበብሁ፤ ነፋሱ ነጠላዬን አወዛወዘው፤ እንደ ልጅ ደስ ብሎኝ ተመለስሁ። ይህንኑ ሁለት ሦስት ጊዜ አደረግሁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከፍታው ላይ ቆሜ ሳለ ሁለት ልጆች እኔ የቆምሁበት ስፍራ ላይ አየሁ። ትንሹ ጎንበስ ብሎ የለስላሳ ቆርኪ በሐዲዱ ላይ ያስቀምጣል፤ ባቡሩ እንዲደፈጥጥለት ነው። በዚያው ጊዜ ከጣቢያው በኩል ባቡር ብቅ አለ። ጭስ የለው፣ ጕርምርምታ የለው፤ ልጆቹ አልሰሙትም። ጮኽሁ፤ ድምፄ አልደረሰም። መሮጥ ፈለግሁ፤ ጉልበቴ እንቢ አለኝ። ነጂው ጡሩምባውን ደጋግሞ አስጮኸ፤ ልጆቹም ዘለው ወደ ኋላ ወደቁ። ባቡሩ አለፈ። ማንም አልተጎዳም።

ወርጄ ገና እየተንቀጠቀጥሁ ገሠጽኋቸው። ታላቁ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና፣ ስጨርስ «አባባ፣ እርስዎም እኮ እዚህ ሲቆሙ አይተናል» አለኝ። ስንት ዓመት በክፍል ውስጥ ለጥያቄ ሁሉ መልስ ስሰጥ የኖርሁ ሰው ለዚህ ልጅ መልስ አጣሁ።

አሁን ጥያቄውን በትክክል እንመርምረው። እነዚያን ልጆች ኑ አላልኋቸውም፤ ቆርኪም አልሰጠኋቸውም። እያንዳንዱ ሰው ለገዛ ሥራው ይጠየቃል ብል ሕጉ የሚደግፈኝ ይመስላል። ነገር ግን ይህ መልስ ቃየል ስለ ወንድሙ በተጠየቀ ጊዜ ከሰጠው መልስ ጋር በጣም ይመሳሰላል። በሌላ በኩል ደግሞ ያየኝ ሁሉ ለሚያደርገው ነገር ተጠያቂ ነኝ ካልን ማንም ሰው ምንም ሊሠራ አይችልም። ሐኪም ሥጋ ይቆርጣል፤ አናጢ ጣራ ላይ ይወጣል፤ ልጅ አይቶ ቢከተላቸው ሥራቸውን ይተዉ አይባልም።

ልዩነቱ እንዲህ ይመስለኛል። ሐኪሙና አናጢው ወደ አደጋ የሚቀርቡት የግድ ስለ ሆነባቸው ነው፤ እኔ ግን የቀረብሁት ለደስታዬ ነው። ለግዳጅ በምናደርገው ነገር ሰው ቢሳሳትብን ምክንያት አለን፤ ለደስታችን በምናደርገው ግን ምክንያት የለንም። ስለዚህ ደስታችን ከሥራችን ይልቅ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ደግሞም ሽበት እንደ ማኅተም ነው። ልጅ ሽማግሌ የቆመበትን ስፍራ ሲያይ፣ ማኅተም እንዳለበት ወረቀት፣ የተፈቀደ ነው ብሎ ይቀበለዋል። እኔ ባቡሩን ሳይ የሚያየኝ ያለ አልመሰለኝም ነበር። ተመልካችም ግን ተመልካች አለው።

በዚህ ነገር ውስጥ ሦስተኛ ሰው መኖሩንም መርሳት አይገባም፤ ይኸውም ነጂው ነው። የመንገደኛው ባቡር በሜዳ ላይ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል፤ ይህም በአንድ ሰከንድ 33 ሜትር ያህል ማለት ነው። ከጣቢያ ሲወጣ ዝግ ቢልም እንኳ ያን ያህል ክብደት በቅጽበት ማቆም አይቻልም። መሪ የለውም፤ ወደ ጎን አይሸሽም። ነጂው ያለው ጡሩምባና ፍሬን ብቻ ነው። ልጁ ከሐዲዱ ባይነሣ ኖሮ ያ ሰው ያለ ጥፋቱ የዕድሜ ልክ ሐዘን ይሸከም ነበር። እኛ በእርሱ ድካም እየተደሰትን እርሱን ማስደንገጥ ውለታ ቢስነት ነው።

በዚያ ቀን ለልጆቹ እውነቱን ነገርኋቸው፤ «እኔ ያጠፋሁት ጥፋት ነው፤ እናንተም አትድገሙት» አልኋቸው። ለሽማግሌ በልጅ ፊት ጥፋቱን ማመን ቀላል አይደለም፤ ከተግሣጹ ይልቅ የሰሙኝ ግን ይህን ስናገር ነው። ከዚያም ወደ ከፍታው ይዣቸው ወጣሁ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ቆመን የሚያልፈውን ፉርጎ እንቆጥራለን፤ ትንሹ ልጅ ከእኔ ይልቅ ሳይሳሳት ይቆጥራል። የመጀመሪያው ቀን ግን «ከዚህ ሲታይ ትንሽ ነው» ብሎ ቅር አለው። እውነቱን ነው። ከሩቅ የሚያይ ሰው ግዝፈቱን ያጣል፤ ቁጥሩንም እኔ እስከ ዛሬ አላነብበውም። ትክክለኛ ስፍራ ሁሉ የሚያስቀርብን ነገር አለ፤ ያን ማጣት ካልወደድን ትክክለኛውን ስፍራ አልመረጥንም ማለት ነው።

እንግዲህ እናንተ ወጣቶች፣ ማየት ውደዱ፤ ባቡርም ቢሆን ወፍም ቢሆን ኮከብም ቢሆን፣ ዐውቃችሁ ተመልከቱ። ከመቆማችሁ በፊት ግን ሦስት ነገር ጠይቁ። ከዚህ ስፍራ የማየው ሙሉውን ነውን? ሠራተኛውን አሰናክላለሁን? እኔን አይቶ በዚህ ስፍራ የሚቆመው ሌላ ሰው ይድናልን? ሁለቱን ጥያቄዎች ያለ አስተማሪ ታገኟቸዋላችሁ፤ ሦስተኛውን እኔ የተማርሁት በስድሳ ዓመቴ ከሁለት ሕፃናት ነው።

ያ የጎረቤቴ ልጅ ዳግመኛ «አይተው ምን ያደርጉታል?» ቢለኝ፣ አሁን የምመልስለት አለኝ፤ የት መቆም እንደሚገባኝ ተማርሁበት እለዋለሁ።