የመስታወቱ ወለል

 

የዛሬውን ጽሑፍ ያመጣው የአንድ ጓደኛዬ ጥያቄ ነው። ሥራው ለሰርግ፣ ለኮንፈረንስና ለኤግዚቢሽን ትልልቅ የኤልኢዲ ስክሪኖችን መግጠም ነው። ባለፈው ረመዷን ከተራዊሕ ስንወጣ ጫማውን እያሰረ፣ «አኺ፣ የሰው ዓይን በማታለል የሚገኝ ብር ሐላል ነው ትላለህ?» አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም። ፈትዋ የዑለማዎች ነው፤ ያኔም አልሰጠሁት፣ ዛሬም አልሰጥም። ግን ጥያቄው ሲብላላብኝ ከርሟል፤ አብረን እናስበው ብዬ ይኸው አመጣሁት።

መጀመሪያ ስለ ሥራው። አንድ ቀን ስክሪን ሲገጥም ሄጄ አየሁት። ከሩቅ አንድ ግዙፍ ግድግዳ የሚመስለን ነገር 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ከሆኑ ፓነሎች የተገጣጠመ ነው። እሱ በብዛት በሚጠቀምበት ዓይነት ላይ በአንዱ የብርሃን ነጥብና በሚቀጥለው መካከል 3.9 ሚሊ ሜትር ገደማ ርቀት አለ። ስለዚህ በአንድ ፓነል ላይ ወደ ጎን 128፣ ወደ ታች 128፣ በድምሩ 16,384 ነጥቦች ይገኛሉ። እያንዳንዱ ነጥብ ደግሞ ሦስት ጥቃቅን መብራቶች አሉት፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ። ሌላ ቀለም የለም። የሙሽራዋ ነጭ ቀሚስ የሚታየን ሦስቱም አብረው ሲበሩ ነው። ቢጫ የሚባል መብራትም እዚያ ውስጥ የለም፤ ቀዩና አረንጓዴው አብረው ሲበሩ ቢጫውን የሚሠራው የእኛው ዓይንና አእምሮ ነው። ፊቴን ወደ ፓነሉ አስጠግቼ ሳየው ምስሉ ጠፋብኝ፤ ዓይን የሚወጉ ነጥቦች ብቻ ቀሩ። ወደ ኋላ አምስት ሜትር ያህል ስሄድ የሙሽራው ፊት ተመለሰ። «ደንቡ ለአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሜትር ራቅ ማለት ነው» አለኝ ጓደኛዬ። ሱብሓነላህ፣ ከስክሪኑ ይልቅ የገረመኝ ዓይናችን ነበር።

ይህ ጥበብ ዛሬ የት እንደደረሰ ማወቅ የሚፈልግ ላስ ቬጋስ ያለውን «ስፊር» የተባለ አዳራሽ ይመልከት። 2.3 ቢሊዮን ዶላር የወጣበት፣ 112 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ድቡልቡል ሕንፃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ጁላይ 4 ውጫዊ አካሉ ሲበራ ሕንፃው ራሱ ስክሪን ሆኖ ታየ። ከላዩ ላይ ወደ 1.2 ሚሊዮን የሚጠጉ ክብ የመብራት ቁሶች ተገጥመውበታል፤ እያንዳንዳቸው 48 ዳዮድ አላቸው። አንድ ቀን ጨረቃ፣ አንድ ቀን ከተማውን የሚቃኝ ዓይን ይሆናል። ውስጡ ደግሞ በተመልካቹ ዙሪያና አናት ላይ የሚጠመዘዝ 15,000 ካሬ ሜትር ያህል ስክሪን አለ። እዚያ የተቀመጠ ሰው ግድግዳው ጠፍቶ በረሃ ላይ ያለ ይመስለዋል። በ2025 ጃንዋሪ ከተማው ውስጥ በየዓመቱ የሚካሄደው ሲኢኤስ የተባለው የቴክኖሎጂ ትርዒት ሲከፈት ዴልታ አየር መንገድ የመድረክ ዝግጅቱን ያቀረበው በዚሁ አዳራሽ ነበር።

እንዲህ ባሉ የንግድ ትርዒቶች ፉክክሩ የጎብኚውን እግር ለጥቂት ሰከንድ ለማቆም ነው። በ2019 ኤልጂ ኩባንያ በዚያው ሲኢኤስ ላይ 260 የኦሌድ ስክሪኖችን፣ የጎበጡትን ከቀጥተኞቹ ጋር አያይዞ፣ በሰው ላይ የሚወርድ ፏፏቴ አስመስሎ ሰቀላቸው። ሰው አፉን ከፍቶ ቆመ። ገዝቶ ቤቱ የሚያስገባው ግን አንዱን ነው፤ ፏፏቴው እዚያው ይቀራል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ማታለል ነው? አይመስለኝም። መገረም በራሱ ነውር የለበትም። አዒሻ (ረ.ዐ) የተረከችውን ታውቁታላችሁ፤ በዒድ ቀን ሐበሾች በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ውስጥ ጦርና ጋሻ ይዘው ትርዒት ሲያሳዩ ነብዩ እሷን ከኋላቸው አቁመው ጠግባ እስክትተው ድረስ እንድታይ ፈቅደውላታል። አልቸኮሉም፣ አላስቸኮሏትም። እኛ የዚያ አገር ልጆች ይህን ሐዲስ ስንሰማ ደስ የሚለን በከንቱ አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ ሰላት ላይ ለብሰውት የነበረው ባለጥለት ልብስ ሐሳባቸውን ስለሳበባቸው፣ መልሱልኝና ጥለት የሌለውን አምጡልኝ ማለታቸውም ተዘግቧል። ዓይን የሚስብ ነገር ቦታ አለው፤ ቦታ የሌለውም ጊዜ አለ። ለንደን ውስጥም ሌላ ስፊር ሊሠራ ታስቦ የከተማው ከንቲባ ሳዲቅ ካን በ2023 ኖቬምበር ላይ ውድቅ ያደረጉት በብርሃኑ የተነሳ በአካባቢው ነዋሪዎች ላይ የሚደርሰውን ችግር ጠቅሰው ነበር። ጎረቤት እንዳይተኛ የሚያደርግ ጨረቃ ምን ያደርጋል?

የማታለልን ጥያቄ ግን ይህ አይመልሰውም። እኔን የረዳኝ የሱረቱ አን-ነምል ታሪክ ነው። በተለምዶ ቢልቂስ የምንላት የሰበእ ንግሥት ወደ ሱለይማን (ዐ.ሰ) መጣች። ፀሐይን ስታመልክ የኖረች፣ ግን አስተዋይ ሴት ናት። ዙፋኗን መልኩን ለውጠው ሲያሳዩዋት «ነው» ብላ አልደፈረችም፣ «አይደለም»ም አላለችም፤ ይመስላል ብላ አለፈች። ከዚያ ወደ ሕንፃው ግቢ ተባለች። ወለሉን ስታየው ጥልቅ ውኃ መሰላት፤ ልብሷን ከባቷ ላይ ሰበሰበች። እንግዲህ ዛሬ በትርዒት አዳራሽ የምናየው ሁሉ የዚህ ወለል የልጅ ልጅ ነው። ዓይን ተሸወደ።

ሙፈሲሮች በዚህ ላይ ብዙ ብለዋል፤ ለእኔ ግን የታየኝ አንድ ትንሽ ነገር ነው። መሸወዷ ምን ያህል ቆየ? ልብሷን እስክትሰበስብ ብቻ። ሱለይማን ወዲያው ነገሯት፤ ይህ ከመስታወት የተሠራ ወለል ነው አሏት። ውኃ መስሏት እንድትቀር አልፈለጉም፣ በስህተቷም አልተጠቀሙበትም። አሠራሩን ገለጡላት። ንግሥቲቱም ያን ጊዜ ነው በራሷ ላይ በደል መሥራቷን አምና ለዓለማት ጌታ እጅ የሰጠችው። ዓይኔ ወለሉ ላይ ከተሳሳተ ፀሐይ ላይስ ብላ ይሆን? አላሁ አዕለም። ልቧን የከፈተው ግን ማታለሉ ብቻውን ሳይሆን ከተገለጠላት በኋላ ነው።

በ2012 ኤፕሪል 15 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኮቼላ በተባለ የሙዚቃ ዝግጅት ላይ በ1996 የሞተው ቱፓክ መድረክ ላይ ቆሞ ታይቶ ነበር። ሰው ሁሉ «ሆሎግራም» አለው እንጂ አልነበረም፤ በኮምፒዩተር የተሠራ ምስል በዘንበል በተወጠረ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ላይ እየተንጸባረቀ ነው። ፔፐር የተባለ የሳይንስ መምህር በ1862 ለንደን ውስጥ በመስታወት መናፍስትን መድረክ ላይ ያወጣበት ዘዴ ዘመናዊ ልብስ ለብሶ መጣ ማለት ነው። የሞተን ሰው እንዲህ ማቆም ይገባል ወይ የሚለው ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ ለሌላ ጁሙዓ ይቆየን። ግን እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ቱፓክ መሞቱን ያውቅ ነበር። ቢጫው መብራትም እንደዚያው ነው፤ ጠጋ ካልክ ነጥቦቹን ታያለህ። የሚደብቅህ የለም።

አሁን ወደ ጓደኛዬ። ያን ቀን ጫማውን እያሰረ ያልነገረኝን ከሳምንት በኋላ ነገረኝ።

በረጀብ ወር ለአንድ መድረሳ ማሠሪያ የገቢ ማሰባሰቢያ ፕሮግራም ነበር። ስክሪኑ የእሱ፣ ላፕቶፑ ላይ የተቀመጠውም እሱ። ሰው ቃል በገባ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ይጨምራል፣ ወርቃማ ብልጭታ ይረጫል፣ አዳራሹ ተክቢራ ይላል። 1 ሚሊዮን 100 ሺህ ላይ ቆመ። ሰው ደከመው፤ አንዳንዱም መውጣት ጀመረ። ያኔ ከአስተባባሪዎቹ አንዱ፣ አንድ ትልቅ ሰው፣ ከላፕቶፑ ኋላ መጥተው ጎንበስ አሉና፣ «ልጄ፣ 3 ሚሊዮን አድርገው። ሰው እጁን የሚዘረጋው የሌላውን እጅ ሲያይ ነው» አሉት። አመነታ። «ለአላህ ቤት ነው እኮ» አሉት። ተጫነው። ብልጭታው ተረጨ። አዳራሹ በተክቢራ ተናወጠ፤ የወጡት ተመለሱ። ሌሊቱ ሳይጋመስ እውነተኛው ቁጥር ራሱ ከ4 ሚሊዮን አለፈ።

እዚህ ላይ ቶሎ አትፍረዱ። የመጨረሻው ቁጥር እውነት ነው። ማንም አልተገደደም። ከገንዘቡ አንድ ብር ለግል ጥቅም አልዋለም። መድረሳው ተሠርቷል፤ ሕፃናት እየቀሩበት ነው። ጥፋቱ የት ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ ጣቴን የማሳርፍበት ቦታ ለማግኘት ጊዜ ፈጅቶብኛል።

እሱ ግን የሚያሳርፍበት ነበረው። «አንዲት ሴት በካሜራው አየኋት» አለኝ። «ከ3 ሚሊዮኑ በኋላ ነው፤ የእጇን አምባር አውልቃ ሰጠች። ለአላህ ብላ ይሆናል፤ ቁጥሩን አይታም ይሆናል። አላህ ያውቃል። እሷ ግን እንዳታውቀው ያደረግኳት እኔ ነኝ።»

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ላይ የእህል ክምር አይተው እጃቸውን ወደ ውስጥ ሲያስገቡ ጣታቸው እርጥበት አገኘ። ባለቤቱ ዝናብ መቶት ነው አለ። ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግከውም ነው ያሉት፤ ያታለለም ከኛ አይደለም አሉ። ሰውዬው እኮ ስለ እህሉ በአፉ አልዋሸም። ደረቁን ከላይ አደረገ፣ በቃ። አቀማመጥ ነው፤ በዛሬ ቋንቋ ዲስፕሌይ ነው። የዚያ ምሽት ቁጥርም እንዲሁ ነው። የሙሽራው ምስል ጠጋ ሲሉት ነጥብ ይሆናል፤ ያ ቁጥር ግን አፍንጫህን አስጠግተህ ብታየውም ያው 3 ሚሊዮን ነው። እጁን አስገብቶ እርጥቡን ሊያገኝ የሚችለው አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ላፕቶፑ ላይ የተቀመጠው።

ለዚህ ነው የፊርዐውን ድግምተኞች ትዝ ያሉኝ። ቁርኣን ሲተርክልን ቀጠሮው የጌጥ ቀን ነው፣ ሰው ሁሉ በረፋድ የሚሰበሰብበት። ትልቅ ዝግጅት ነበር ማለት ነው። ድግምተኞቹም አስቀድመው ስለ ክፍያ ጠይቀዋል፤ ካሸነፍን ምንዳ አለን አይደል? አዎ፣ ከባለሟሎቼም ትሆናላችሁ ተባሉ። ገመዳቸውንና በትራቸውን ጣሉ፤ የሚሮጡ መሰሉ። ሙሳ (ዐ.ሰ) ራሳቸው በውስጣቸው ፍርሃት ተሰማቸው። ሆኖም የሙሳ በትር የሠሩትን ሲውጥ ቀድመው ሱጁድ የወረዱት እነዚያው ተከፋዮቹ ነበሩ። ተመልካቹ ሊሳሳት ይችላል። እነሱ ግን የገመዱን ምስጢር ስለሚያውቁ ገመድ ያልሆነውን ለዩት። ፊርዐውን እጅና እግራችሁን እቆርጣለሁ፣ በዘንባባ ግንድ ላይ እሰቅላችኋለሁ ሲላቸው አልተመለሱም። ሥራውን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ለእውነት ቅርብ ነው፤ ሰበብም የለውም።

ጓደኛዬ ወደዚያ ትልቅ ሰው ሄዶ፣ «ሐጂ፣ ለሰጡት ሰዎች እንንገራቸው» አላቸው። «አልሐምዱሊላህ፣ ልጆች እየቀሩ ነው። አሁን ምን ብለን፣ ለማንስ እንናገራለን?» አሉት። አልተቆጡም። እሱም መልስ አላገኘም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አላገኘሁለትም። የዚያን ምሽት ክፍያውን ለመድረሳው መለሰ። ይበቃ እንደሆነ ሲጠይቀኝ ዑለማ ጠይቅ አልኩት።

አሁን እንዲህ ያለ ፕሮግራም ሲይዝ ስክሪኑ ላይ ሁለት ቁጥር ነው የሚያሳየው። ከላይ «ቃል የተገባ»፣ ከታች «ገቢ የሆነ»። የተፈረመ ወረቀት እጁ ሳይገባ አንዱንም አይነካም። የታችኛው ሁሌም ያንሳል፤ አዘጋጆች አይወዱለትም፣ አዳራሹን ያቀዘቅዛል ይሉታል። ሁለት ፕሮግራም በዚህ ሰበብ ወደ ሌላ ስክሪን አከራይ ሄዶበታል።

ባለፈው እሑድ እሱ በሠራበት አንድ ፕሮግራም ላይ ተገኘሁ። የላይኛው 2,400,000 ይላል፣ የታችኛው 310,000። ብልጭታ የለም። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ሁለቱንም ቀስ ብለው አነበቡና፣ «እህ፣ የታችኛው ነዋ የኛ» ብለው ስልካቸውን አወጡ።