ዳኛው አልጠየቀኝም

ፍቺ ጠይቀው ፍርድ ቤት ከሚቆሙት ምእመናን ብዙዎቹ የሚሹት የንብረት ድርሻ ብቻ አይደለም፤ ዳኛው በዳዩን ከተበዳዩ ለይቶ በአደባባይ እንዲናገርላቸው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ነገር በቤተ ዘመድ ሽማግሎች ፊት እያቀረበ ምክንያቱ ከባድ ነውን አይደለምን ያሰኝ ነበርና ምኞታቸው ያለ መነሻ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 213 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ፍቺ የመወሰኑን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጠ፤ ባልና ሚስት ተስማምተው ሲቀርቡም ምክንያታቸውን እንዲገልጹ አያስገድድም። (አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ብዙዎቹ ክልሎች የየራሳቸውን አውጥተዋል።)

ስምምነት ከሌለ ዳኛው አስቀድሞ ዕርቅን ይመክራል፤ ራሳቸው ወደ መረጧቸው ሽማግሎች ይመራል፤ ከሦስት ወር የማይበልጥ የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጥ ይችላል። እስከዚያው ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆች አጠባበቅና ስለ ንብረቱ አያያዝ ያዝዛል። ጥፋቱ የአንዱ ሆኖ ፍትሕ ሲያስገድድ ካሣ ያስከፍል ይሆናል እንጂ የልብን ምስጢር ሊመረምር አልተሾመም።

እንግዲህ ዳኛው ያልጠየቀውን ነገር መሰወር ሐሰት ነውን? ይህን ጥያቄ ያነሣንበት ምክንያት አለን። አንድ ጊዜ ለሽምግልና በተቀመጥንበት ጉዳይ፣ ባልየው በማሰላሰያው ወራት የጋራ የሆነችውን መኪና በወንድሙ ስም አዛውሮ ነበር። ሚስቲቱም በበኩሏ ትንሽ ልጇን በአባቷ ላይ የምትናገረውን ቃል ስታስጠናት ሰነበተች። ለማስታረቅ የተሰጠው ጊዜ ለመሣሪያ ማከማቻ ሆነ።

«ልጄ፣ መኪናዋ የማን ናት?» ብንለው፣
«አባቴ፣ ዳኛው አልጠየቀኝም» አለን።

ይህ ሰው በአንደበቱ አልዋሸም። ነገር ግን ዳኛው የሚፈርደው በቀረበለት ነገር ነው፤ የቀረበለትን ያጎደለ ሰው ፍርዱን ራሱ ጽፎ በዳኛ እጅ እንዳስፈረመ ይቈጠራል። እንዲህ ያለው ዝምታ ከሐሰት ምስክርነት በምን ያንሳል? እኛስ መለየት አቅቶናል። የሕፃኒቱ ነገር ግን ከመኪናዋ ይብሳል፤ ንብረት ይመለሳል፣ አባትን መፍራት የተማረች ልጅ ግን በምን ትመለሳለች?

በቅዱስ ቁርባን ስለጸና ጋብቻ ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው ራሱን የቻለ ነገር ነውና እዚህ አናነሣውም።

እኛም መኪናዋ በቀድሞው ስም እስክትመለስ ሽምግልናውን አቆምን። ሰውየው ሁለት ሳምንት ተቈጥቶ ቆየና መለሳት። ዕርቅ ግን አልወረደም፤ ተፋቱ። ልጅቱን ዛሬ ሰንበት ሰንበት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያመጣት አባቷ ነው።