እናት እስከ ወዴት ትከተላለች?



በዐቢይ ጾም ወቅት አንዲት እናት ከመሥዋዕተ ቅዳሴ በኋላ ወደ ቁምስናችን ጽሕፈት ቤት መጥተው ነበር። ነርስ የሆነች ልጃቸው በአንድ የእርዳታ ድርጅት ተቀጥራ የተኩስ ድምፅ በሚሰማበት አካባቢ ተፈናቃዮችን ታክማለች። ስልክ ለቀናት ሲቋረጥ እናቲቱ እንቅልፍ አያገኙም፤ የዜና ሰዓት ሲደርስ ሬዲዮውን መክፈትም መዝጋትም ያስፈራቸዋል። «አባ፣ እርስዎን ትሰማለችና ተመለሽ ይበሉልኝ» አሉኝ።

እኔም ካህን እንደ መሆኔ መጠን መልሱ በእጄ ያለ መሰለኝ። የአብርሃምን መሥዋዕት (ዘፍ. 22) ጠቅሼ ልጃቸውን ለእግዚአብሔር እንዲሰጡ መከርኋቸው። እርሳቸው ግን ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «አባ፣ አብርሃም እኮ ልጁን ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ» አሉኝ። ከዚያም ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መስቀል ተሳልመው ወጡ። እኔም የምናገረው ቃል አጣሁ። ይህን ስብከት የምጽፈው ያን ዕለት ሳልመልስ የቀረሁት ጥያቄ ዕዳ ስለሆነብኝ ነው።

ጥያቄው የእኒህ እናት ብቻ አይደለም። በዘመናችን የወደቀውን ለማንሣት የሚወጡ ሰዎች ራሳቸው የጥይት ዒላማ ሆነዋል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ በዓለም ዙሪያ ከ380 በላይ የእርዳታ ሠራተኞች ተገድለዋል፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ በተወለዱበት አገር ወገኖቻቸውን ይረዱ የነበሩ ናቸው። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በጁን ወር 2021 ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት ሦስት ሠራተኞች በትግራይ ተገድለዋል። አንዲቱ ከስፔን የመጣች የ35 ዓመት ሴት ስትሆን፣ ሁለቱ የአገራችን ልጆች ነበሩ። ከእያንዳንዱ ስም በስተጀርባ ስልክ የምትጠብቅ እናት፣ ደጅ ደጁን የሚያይ አባት አለ። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ለእነዚህ ወላጆች ምን ትላለች?

ቅዱስ ወንጌልን ስንገልጥ ለዚህ ጥያቄ ከአብርሃም ይልቅ የቀረበች እናት እናገኛለን። እመቤታችን ሕፃኑን በመቅደስ ባቀረበች ዕለት አረጋዊው ስምዖን በነፍሷ ሰይፍ እንደሚያልፍ ነገራት (ሉቃ. 2፥35)፤ መቼና በምን መንገድ እንደሚያልፍ ግን አልገለጠላትም። ያን ቃል ተሸክማ ልጇን አሳደገች። ልጇ በዐሥራ ሁለት ዓመቱ በኢየሩሳሌም በቀረ ጊዜ ከዮሴፍ ጋር ሦስት ቀን ፈለገችው፤ ባገኘችውም ጊዜ ጭንቀቷን አልሸሸገችም፤ ለምን እንዲህ እንዳደረገባቸው በግልጥ ጠየቀችው። መልሱንም ባታስተውለው በልቧ ጠበቀችው (ሉቃ. 2፥41-51)። ስለዚህ የሚጨነቅና የሚጠይቅ ወላጅ እምነት የጎደለው አይደለም። እኔም ያን ዕለት ለእኒያ እናት አስቀድሜ ልነግራቸው የሚገባኝ ይህን ነበር።

ጌታችን አድጎ ማስተማር በጀመረ ጊዜ ደግሞ እናቱ በውጭ ቆማ ልካ አስጠራችው። እርሱም የእግዚአብሔርን ፈቃድ የሚያደርግ ሁሉ እናቱና ወንድሙ እንደሆነ ተናገረ (ማር. 3፥31-35)። ይህ ቃል ለእናት ጆሮ ከባድ ነው። ዐዋቂ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ያን ደጅ ታውቁታላችሁ። በውስጥ ልጃችሁ የምታገለግላቸው፣ እናንተ በስም እንኳ የማታውቋቸው ሰዎች ተቀምጠዋል፤ እናንተ ግን በውጭ ቆማችኋል። ጌታችን በዚህ ቃል በሩን በእናቱ ላይ አልዘጋም፤ የሚገባበትን መንገድ አሳየ። እመቤታችን ለልጇ የቀረበችው በሥጋ ስለ ወለደችው ብቻ ሳይሆን፣ እርሱ የሚወደውን የአብን ፈቃድ እርሷም ስለ ወደደች ነው። ስለዚህም ብዙዎቹ በሸሹ ጊዜ በመስቀሉ ሥር ቆማ ተገኘች (ዮሐ. 19፥25)፤ ከዕርገቱም በኋላ ልጇ ትቷቸው ከሄደው ደቀ መዛሙርት ጋር በጸሎት ትተጋ ነበር (ሐሥ. 1፥14)። ልጇ የወደዳቸውን ሰዎች ወደደቻቸው፤ መከተል ማለትም ይህ ነው።

ለዘመናችን በቀረበ ጊዜ ይህን መንገድ የሄዱ አንድ አባትና እናት ነበሩ፤ ሬይመንድና ፓትሪሽያ ዶኖቫን ይባላሉ። ልጃቸው ጂን በአሜሪካ በኮኔቲከት ክፍለ ግዛት አደገች። ከተማረች በኋላም በክሊቭላንድ ከተማ በአንድ ታላቅ የሒሳብ ድርጅት መልካም ሥራ ነበራት። ይህን ትታ ከክሊቭላንድ ሀገረ ስብከት የሚስዮን ቡድን ጋር እ.ኤ.አ. በ1979 ወደ ኤል ሳልቫዶር ሄደች። በላ ሊበርታድ ከተማ ከእኅት ዶሮቲ ካዝል ጋር ለድኾች ምግብና መድኃኒት ታከፋፍል፣ ከግድያ የሚሸሹ ቤተሰቦችንም ወደ መጠለያ ታደርስ ነበር። ማርች 24 ቀን 1980 ሊቀ ጳጳስ ኦስካር ሮሜሮ በመሠዊያው ፊት ሲገደሉ፣ ጂንና ዶሮቲ በአስከሬናቸው አጠገብ ለጸሎት ከቆሙት መካከል ነበሩ። ለመሞት የቸኮለች ሴት ግን አልነበረችም። ከመሞቷ ሁለት ሳምንት ያህል አስቀድሞ ለአንድ ወዳጇ በጻፈችው ደብዳቤ፣ ከአገሪቱ ለመውጣት ብዙ ጊዜ እንዳሰበችና የተጎዱትን ሕፃናት ትታ መሄድ ግን እንዳልሆነላት ገልጻ ነበር።

ዲሴምበር 2 ቀን 1980 ጂንና ዶሮቲ ከኒካራጓ የተመለሱትን እኅት ኢታ ፎርድንና እኅት ሞራ ክላርክን ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብለው ሲጓዙ በብሔራዊ ዘብ ወታደሮች ተያዙ። አራቱም ክብራቸው ተደፍሮ ተገደሉ፤ ከሁለት ቀን በኋላም አስከሬናቸው ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ ተቀብሮ ተገኘ። ጂን የ27 ዓመት ወጣት ነበረች።

ወላጆቿ ሐዘናቸውን በቤታቸው ዘግተው መቀመጥ ይችሉ ነበር። ከገዛ አገራቸው ከፍተኛ ባለ ሥልጣናት መካከል የሟቾቹን ስም የሚያጠለሽ ቃል የተናገሩ ነበሩ፤ ለጊዜው ተቋርጦ የነበረው ወታደራዊ እርዳታም በሚቀጥለው ወር ለኤል ሳልቫዶር መንግሥት ተፈቀደ። ሬይመንድና ፓትሪሽያ ግን እውነቱ እንዲገለጥ በአደባባይ ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ1984 አምስት ወታደሮች ተፈረደባቸው። በ1993 የተባበሩት መንግሥታት የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽን ግድያው አስቀድሞ የታቀደና ከበላይ በተሰጠ ትእዛዝ የተፈጸመ መሆኑን አስታወቀ። በዚያ ጦርነት 75,000 ያህል ሰዎች አልቀዋል፤ የአብዛኞቹ እናቶች የሚሰማቸው ጋዜጣም ሆነ ፍርድ ቤት አልነበረም። የዶኖቫን ቤተሰብ ስለ አንዲት ልጃቸው ሲጮኹ የእነዚያም እናቶች ድምፅ አብሮ ተሰማ። ልጃቸው ያገለገለቻቸው ሕዝብ የእነርሱም ጉዳይ ሆነ። ሰይፉ በነፍሳቸው አልፏል፤ ፍቅራቸው ግን በመቃብሩ ዘንድ አልቆመም።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ፣ ወላጆች ዐዋቂ ልጆቻቸውን በሥራ ምርጫቸው እንዳያስገድዱ፣ ምክራቸውን ግን እንዳይነፍጉ ያስተምራል (ቁ. 2230)። የቤተሰብ ትስስር ታላቅ ቢሆንም ፍጹም እንዳልሆነም ያሳስባል (ቁ. 2232)። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ፍርሃታችሁን ለልጃችሁ ንገሯት፤ በእንባና በእርግማን ግን አትሰሯት። የምታገለግላቸውን ሰዎች ጠይቁ፤ ስማቸውን ዕወቁ፤ በመቁጠሪያ ጸሎታችሁም አስቧቸው። ያን ጊዜ በውጭ ከመቆም ወደ ውስጥ ትገባላችሁ።

ልጆች ሆይ፣ እናታችሁን እንዳትጨነቅ በማለት አትዋሿት፤ ውሸቱን ከድምፃችሁ ታውቀዋለች። ጥንቃቄ ከታላላቆቹ ምግባራት አንዱ ነውና፣ ውጡ በተባላችሁ ጊዜ ውጡ፤ ሰማዕትነት ሲመጣ የሚቀበሉት እንጂ ፈልገው የሚያገኙት አይደለም። ሠራተኞችን የምትልኩም ድርጅቶች፣ የምትልኩት የሰው ልጅ መሆኑን አትርሱ። በአደጋ ጊዜ ለውጭ አገሩ ሠራተኛ መኪና አዘጋጅቶ የአገሩን ተወላጅ በስፍራው መተው በእግዚአብሔር ፊት ያስጠይቃል።

እኔም ወደ እኒያ እናት ቤት ሄጄ ስለ ቸኮለው ምክሬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ለልጃቸውም ደወልሁላት፤ ተመለሽ አላልኋትም። የእናትሽን ጭንቀት ልነግርሽ ነው ብዬ፣ በሳምንት ሁለት ቀን እንድትደውል፣ መንገድ ስትወጣም እውነቱን እንድትነግራቸው ለመንኋት፤ እሺ አለችኝ። ዛሬም በዚያው ታገለግላለች። እናቲቱ አሁንም ይፈራሉ፤ ነገር ግን ብቻቸውን አይደሉም። ዓርብ ዓርብ የቁምስናችን እናቶች በቤታቸው ተሰብስበው መቁጠሪያ ይደግማሉ። ባለፈው ሳምንት አብሬያቸው ተቀምጬ ሳለሁ፣ ልጃቸው በስልክ የነገረቻቸውን የአንድ በሽተኛ ሕፃን ስም ጠርተው ጸሎት አሳረጉ። ሕፃኑን አይተውት አያውቁም። የአብርሃምን ነገር ዳግመኛ አላነሡብኝም፤ እኔም አላነሣሁባቸውም።

በመስቀሉ ሥር የቆመች እመቤታችን፣ ደጅ ደጁን ለሚያዩ ወላጆች ሁሉ ታማልድልን፤ በአደጋ ሥፍራ የሚያገለግሉ ልጆቻችንንም በእናትነቷ ትጠብቅልን። አሜን።