ለድኃ ጥብቅና መቆም፦ ምጽዋት ነውን ወይስ ዕዳ?

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይላል ያገራችን ሰው። በቅሎ ከጭብጦ የከበረች መሆኗ ጠፍቶት አይደለም፤ ሰውን አብዝቶ የሚጎዳው የንብረቱ መጥፋት ሳይሆን ሳይሰማ መቅረቱ መሆኑን ሲያስረዳ ነው። በቀድሞ ዘመን የተበደለ ሰው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ሲጮኽ በዳዩ ባለበት ይቆም ነበር። የዛሬው ችሎት ግን የራሱ ሥርዓት አለው፤ አቤቱታው በጽሑፍ፣ ማስረጃው በዝርዝር፣ የዳኝነት ክፍያው በገንዘብ ይቀርባል። ጠበቃ ለማቆም አቅም ያጣ ሰው፣ የፍርድ ቤቱ በር ክፍት ሆኖ ሳለ ጭብጦው ያለ ፍርድ ትሄዳለች።

ስለዚህ፣ ውድ አንባብያን፣ አንድ ጥያቄ እናንሣ። ለድኃ ያለ ክፍያ የሚሟገት ሰው ምጽዋት መስጠቱ ነውን ወይስ ዕዳ መክፈሉ? ጥያቄው የቃላት ጨዋታ አይደለም። ምጽዋትን ሰጪው በወደደው መጠንና በወደደው ጊዜ ይሰጣል፤ ተቀባዩም ከማመስገን በቀር ሌላ ቃል የለውም። ዕዳ ከሆነ ግን ተቀባዩ አንገቱን ሳይደፋ ሊጠይቅ ይችላል።

ቅዱስ ቶማስ ዘአኵይኖ «ሱማ ቴዎሎጊካ» በተባለው መጽሐፉ፣ በሁለተኛው ክፍል ሁለተኛ መድበል፣ በ71ኛው ጥያቄ ይህንኑ መርምሮታል። ለድኃ መሟገት የምሕረት ሥራ ነው ይላል። አንድ ሰው ለችግረኞች ሁሉ ሊበቃ ስለማይችል፣ ጠበቃ ችግረኛ ፍለጋ ዓለምን ሊዞር አይገደድም። ነገር ግን ችግረኛው በፊቱ ከቆመ፣ ችግሩ አስቸኳይ ከሆነና ሌላ የሚረዳው በቅርብ ካልታየ፣ መርዳት ግዴታ ይሆንበታል። ይኸው ሊቅ ጠበቃ ተመጣጣኝ ዋጋ መቀበሉን አይነቅፍም፤ ሐሰት መሆኑን እያወቀ መሟገቱን ግን ይኰንናል። እንግዲያውስ ነጻ ጥብቅና ድኃው የሚለውን ሁሉ እውነት ማድረግ ሳይሆን፣ እውነቱ እንዲሰማለት ማድረግ ነው።

ይህን በሥራ ካሳዩት አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1253 እስከ 1303 የኖረው ቅዱስ ኢቮ ነው። በፈረንሳይ በብረታኝ ምድር ካህንና የቤተ ክርስቲያን ዳኛ ሆኖ ሳለ ለድኆች በመሟገቱ «የድኆች ጠበቃ» ተባለ፤ እ.ኤ.አ. በ1347 ከቅዱሳን ተቈጠረ፤ ዛሬም የሕግ ባለሙያዎች ጠባቂ ነው።

በእኛ አገር የቶማስ ቅድመ ሁኔታ በየቀኑ ይሟላል፤ በዚህም ላይ የጊዜ ነገር አለ። እንጀራ ዛሬ ቢታጣ ነገ ሊሰጥ ይችላል። የሕግ እርዳታ ግን ቀን ያልፍበታል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከሥራው ያለ አግባብ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው ለመመለስ ክስ የሚያቀርበው በ3 ወር ውስጥ ነው፤ ያልተከፈለ ደመወዝ የሚጠይቀውም በ6 ወር ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ተከሳሹ ይርጋን ካነሣ እውነት ብቻውን አይበቃም። «በሚቀጥለው ወር እናየዋለን» የሚል ቸርነት በዚህ ቦታ መንፈግ ይሆናል።

ሕጉም ራሱ ነገሩን ለቸርነት ብቻ አልተወውም። የ1987 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ንኡስ አንቀጽ 5፣ የተከሰሰ ሰው ጠበቃ ለማቆም አቅም ቢያጣና በዚህ ምክንያት ፍትሕ የሚጓደል ቢሆን፣ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲቆምለት ይደነግጋል። የ1958 የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ከአንቀጽ 467 ጀምሮ የዳኝነት መክፈል የማይችል ሰው በድኃ ደንብ እንዲከስ ይፈቅድለታል። የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 ደግሞ እያንዳንዱ የፌዴራል ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል አዝዞ ነበር። ስለዚህ መልሳችን ይህ ነው፤ ለመንግሥትና ለሙያው ማኅበር ዕዳ ነው፤ ለእያንዳንዳችን ምሕረት ነው፤ ችግረኛው በራችን ቆሞ ሌላ ረዳት ሲያጣ ግን ለእኛም ዕዳ ይሆናል።

«ነጻ ጥብቅና ሙግት ያበዛል፤ ሽምግልና ይሻላል» የሚሉ አሉ። ዕርቅ በእርግጥ ይበልጣል። ነገር ግን መብቱን የማያውቅ፣ ጠበቃም የሌለው ሰው ፈርቶ የተቀበለው ስምምነት ዕርቅ ሳይሆን ሽንፈት ነው። መብቱን አውቆ የሚተው ሰው ይቅር አለ ይባላል፤ ሳያውቅ የቀረበት ግን ተነጠቀ እንጂ ይቅር አላለም።

እንግዲህ የቁምስና ምእመንና የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ጠበቃ ባይሆንም መንገድ ማሳየት ይችላል። በወንጀል የተከሰሰ ሰው አቅም እንደሌለው ለዳኛው ገልጦ ተከላካይ ጠበቃ ይጠይቅ፤ በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥር የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት አለ። ሴቶች የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ይጠይቁ። የአዲስ አበባ፣ የሐዋሳ፣ የጅማና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎችን የመሳሰሉ የሕግ ትምህርት ቤቶች የነጻ የሕግ ድጋፍ ማእከላት አቋቁመዋል። በድኃ ደንብ የሚከስ ሰው ያለውን ንብረት ከነግምቱ በእውነት ይዘርዝር፤ የደበቀው ቢገለጥ ፈቃዱን ያጣል። ሠራተኛ በሥራ ክርክር የዳኝነት እንደማይከፍል ይወቅ። ማንም ቢሆን ዋናውን ሰነድ ለማያውቀው ሰው አይስጥ፤ ከፍርድ ቤት ደጅ «ዳኛውን አውቀዋለሁ» ለሚል ደላላም ገንዘብ አይክፈል።

መምህሩ የማያውቀውን ሕግ ከመምከር ይቈጠብ። ነገር ግን ማንበብ ለማይችል ጎረቤት መጥሪያውን ማንበብ፣ የቀጠሮውን ቀን መቍጠር፣ ደረሰኝና ደብዳቤ እንዲያስቀምጥ ማሳሰብ፣ በቀጠሮው ቀን አብሮ መሄድ የሕግ ዕውቀት አይጠይቅም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የተነገረላት መበለት ወደ ዳኛው ደጅ ስትመላለስ ብቻዋን ነበረች። በእኛ ቁምስና ያለችው መበለት ብቻዋን እንዳትመላለስ ማድረግ ግን በእጃችን ነው።