ስለ ቅዱሳን መላእክትና ስለ አጋንንት፤ ባልንጀራንም ቡዳ ብሎ ስለ መክሰስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደድኽ አንባቢ ሆይ፤ ከአዲስ አበባ ኾነኽ ወደ ሰሜን ቀና ብትል እንጦጦን ታያለኽ። ይህ ባሕር ዛፍ ያለበሰው ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያለፈ ከፍታ አለው፤ በራሱም ላይ የእመቤታችን የማርያምና የራጉኤል አብያተ ክርስቲያናት ቆመዋል። ዳግማዊ ምኒልክ ከተማቸውን ወደ ፍልውኃ ከማውረዳቸው በፊት በዚያ ይቀመጡ ነበር፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም ዘውድ የጫኑትም በዚያው በእንጦጦ ማርያም ነው። በስተ ምሥራቅ በየካ በኩል ደግሞ ከአንድ ዐለት የተፈለፈለ የቅዱስ ሚካኤል ዋሻ አለ። እንግዲህ የከተማችን ሰው ጧት ከቤቱ ወጥቶ ቀና ቢል የመላእክትን ስም የተሸከመ ተራራ ያያል። ነገር ግን ከዚሁ ተራራ በታች፥ ከመላእክት ይልቅ አጋንንትን የሚያስብ፥ ከአጋንንትም ይልቅ ጎረቤቱን የሚፈራ ብዙ ሰው አለ። ዛሬ ልጽፍልኽ የወደድሁት ስለዚህ ፍርሃት ነው። ፍርሃቱ በፈሪው ቤት ብቻ ቢቀር ባልጻፍሁም ነበር፤ ነገር ግን ከቤት ይወጣል፥ በሰውም ላይ ግፍ ያሠራል።

አስቀድመን የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት እንመልከት። ቅድስት ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን መላእክት በእውነት እንዳሉ ታምናለች፤ አጋንንትም በእውነት እንዳሉ ታምናለች። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1215 ዓመት በላተራን የተሰበሰበው አራተኛው ጉባኤ፥ እግዚአብሔር መንፈሳዊውንና ሥጋዊውን ፍጥረት ኹሉ ከምንም እንደ ፈጠረ፥ ሰይጣንና አጋንንቱም በፍጥረታቸው መልካም ኾነው ሳሉ በገዛ ፈቃዳቸው ክፉዎች እንደ ኾኑ አስተምሯል። በ1992 ዓመት በሮም የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም ይህንኑ ያጸናል። ከዚህ የምንማረው ነገር ትልቅ ነው፤ ይኸውም ሰይጣን ሁለተኛ አምላክ አለመኾኑ ነው። እርሱ ፍጡር ነው፤ ኀይሉም ወሰን አለው። እግዚአብሔር በቤተ ክርስቲያን ይገዛል፥ ጫካውና ወንዙ፥ ቀትሩና ሌሊቱ ግን የሰይጣን ነው ብሎ በልቡ ግዛት የሚያካፍል ሰው፥ ሳያውቀው ለፍጡር የፈጣሪን ክብር ሰጥቷል።

ስለ መላእክት ስም ጥቂት ልናገር፤ ጠያቂዎች ብዙ ናቸውና። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በስም የምትጠራቸው በቀኖናዋ በተቀበለቻቸው መጻሕፍት የተጠሩትን ሦስቱን፥ ሚካኤልን፥ ገብርኤልንና ሩፋኤልን ነው። ራጉኤል የሚለው ስም የሚገኘው በመጽሐፈ ሄኖክ ነው፤ ይህም መጽሐፍ ሙሉ ኾኖ የተጠበቀው በግእዝ ቋንቋ ብቻ ስለ ኾነ ለአገራችን ታላቅ ክብር ነው፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ከቅዱሳት መጻሕፍት ትቈጥረዋለች። መስከረም 1 ቀን ወደ ራጉኤል የሚወጡትን ወንድሞቻችንን ስለዚህ ነገር ልንነቅፍ አይገባም። ሮም ግን በ745 ዓመት በጳጳሱ በዘካርያስ ፊት በተደረገው ጉባኤ፥ አዳልበርት የሚባል ሰው ያልታወቁ የመላእክት ስሞችን ሰብስቦ በጸሎት ይጠራ ስለ ነበር ከልክላለች። ምክንያቱን ለመረዳት የራሳችን ቋንቋ ይበቃናል። አስማት የሚለው ቃል በግእዝ «ስሞች» ማለት ነው። የስሙ ብዛት ሲያምር፥ ጸሎት የነበረው ነገር ቀስ ብሎ መሣሪያ ይኾናል፤ ሰውም መልአኩን የሚለምነው መኾኑ ይቀርና የሚያዝዘው ይመስለዋል። መልአክ ግን የእግዚአብሔር መልእክተኛ እንጂ የጠሪው ሎሌ አይደለም።

ከዚህ ኹሉ ይልቅ ልብ እንድትለው የምወድደው ስለ ዑቃቤ መልአክ የሚነገረውን ትምህርት ነው። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 18፥ ከታናናሾቹ አንዱን እንኳ እንዳንንቅ ሲያስጠነቅቅ፥ ያመጣው ምክንያት መላእክታቸው በሰማይ ኹልጊዜ የአብን ፊት ማየታቸውን ነው። አስተውል፤ ስለ ጠባቂ መላእክት ያስተማረን አንተ ተጠብቀኽ ያለ ሥጋት እንድትተኛ ብቻ ብሎ አይደለም፤ ሌላውን ሰው እንዳትንቀው ብሎ ነው። ቅዱስ ቶማስ ዘአኵኖም ይህን ሲያብራራ፥ ጠባቂ መልአክ ለተጠመቀው ብቻ ሳይኾን ከእናቱ ማሕፀን ለወጣ ሰው ኹሉ እንደ ተሰጠ ያስተምራል። ስለዚህ በመንገድ ላይ ከሰው ጋራ ስትገናኝ ኹለት ብቻ አይደላችሁም፤ ከእርሱ ጋራ የቆመው መልአክ ያይኻል፥ የምትለውንም ይሰማል።

አኹን ከተራራው ግርጌ እንውረድ። ከእንጦጦ በታች ቀጨኔ የሚባል ሰፈር አለ። ሸክላ የሚሠሩ ሴቶችና ሸማኔዎች ከብዙ ዘመን ጀምሮ በዚያ ይኖራሉ። ጀበናው፥ ድስቱና ምጣዱ በእነርሱ እጅ ተድቦልቡሎ በእሳት ተተኵሶ ወደየቤታችን ይመጣል። ቡናችንን በጀበናቸው አፍልተን እንጠጣለን፥ እንጀራችንን በምጣዳቸው እንጋግራለን፥ ጥበቡንም ለብሰን ወደ ቅዳሴ እንሄዳለን፤ ከዚህ በኋላ ሠሪዋን «ቡዳ» እንላታለን። ቀን ጭቃ ሲያቦካ የዋለው ሰው ማታ ጅብ ይኾናል የሚለውን ተረትም ለልጆቻችን እንነግራለን። በእንጦጦ ሌሊት የሚጮኸው ጅብ ግን እግዚአብሔር ጥንብ እንዲያነሣ የፈጠረው እንስሳ ነው፤ ከዚያ የበለጠ ምሥጢር የለውም። ዳግማዊ ምኒልክ እንኳ በ1900 ዓ.ም ሠራተኛን በእጁ ሥራ ምክንያት የሚሰድበው ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር። ዐዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ኾነው፤ ስድቡ ግን በአንዳንዱ ቤት ከአዋጁ ይልቅ ዕድሜ አገኘ።

ነገሩ የሚኾነው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። አንዲት ልጅ በድንገት ትታመማለች፤ ሰውነቷ ይተኵሳል፥ ትንቀጠቀጣለች፥ ዐይኗም ይፈጥጣል። ጎረቤት ይሰበሰብና «ዛሬ ማን አያት?» ይላል። አንዱ ያስታውሳል፤ ጀበና የምትሸጠው ሴት ጧት በደጅ ስታልፍ «ምን የመሰለች ልጅ ናት» ብላ ነበር። ወዲያው ጤና አዳም ይታሻል፥ ጭስ ይጨሳል፥ ልጂቱም በጭሱ ታፍና መለፍለፍ ትጀምራለች። «ማነኽ? ከየት ያዝኻት?» ብለው ይጠይቋታል። የታመመችውም ቀድሞ በጆሮዋ የሰማችውን ስም ትናገራለች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያች ባለ ጀበና በሰፈሩ ፍርድ የተፈረደባት ናት። ገበያዋ ይቀራል፤ ልጆቿ በትምህርት ቤት ብቻቸውን ይቀመጣሉ፤ ልጇን የሚያገባ አይገኝም። ዳኛ አልተሰየመም፥ ምስክር አልተቈጠረም፥ ተከሳሽም አልተጠየቀችም።

ወንድሜ ሆይ፥ ማን መሰከረባት? እስቲ በእውነት እንመርምር። ልጂቱን የያዛት ደዌ ከኾነ፥ የተናገረችው የትኩሳት ቃል ነው፤ በትኩሳት ቃል ሰው አይከሰስም። ወይም አንተ እንደምትለው በእርሷ አፍ የተናገረው ጋኔን ነው እንበል፤ ያን ጊዜ ነገሩ ይብሳል። ጌታችን በዮሐንስ ወንጌል ዲያብሎስን ሐሰተኛ፥ የሐሰትም አባት ብሎ ጠርቶታልና፥ አንተ የሐሰትን አባት ምስክር አድርገኽ በባልንጀራኽ ላይ አቆምኸው ማለት ነው። በራእየ ዮሐንስም ሥራው ሌትና ቀን ወንድሞችን መክሰስ እንደ ኾነ ተጽፏል። እንግዲህ እርሱ ክሱን ሲያቀርብ ተቀብሎ በየቤቱ የሚያዳርስለት ሰው ከማን ጋራ እየሠራ ነው? ጋኔኑን አስወጣን ብለው ሲደሰቱ፥ ጋኔኑ የመጣበትን ጉዳይ ፈጽሞ ሄዷል።

የቅዱስ ማርቆስን ወንጌል በምዕራፍ 1 ብታነብ ጌታ በቅፍርናሆም ያደረገውን ታያለኽ። ርኩሱ መንፈስ ስለ ኢየሱስ የተናገረው እውነት ነበር፤ ጌታ ግን ዝም እንዲል አዘዘው። ከጋኔን አፍ እውነት እንኳ ቢወጣ አልተቀበለም፤ እኛ ግን ሐሰቱን ለመስማት ጆሯችንን እናዘነብላለን። በ1614 ዓመት በጳጳሱ በጳውሎስ 5ኛ ዘመን የወጣው የሮም መጽሐፈ ሥርዐትም፥ አጋንንትን የሚያስወጣው ካህን በቶሎ ጋኔን አለ ብሎ እንዳያምን፥ የተሰወረ ነገርንም ለማወቅ በመጓጓት ከንቱ ጥያቄ እንዳይጠይቅ ይከለክለዋል። የዛሬው የቤተ ክርስቲያን ትምህርትም እንዲሁ ነው፤ ይህን ታላቅ ጸሎት የሚያደርሰው ከጳጳሱ ፈቃድ የተቀበለ ካህን ብቻ ነው፤ አስቀድሞም ነገሩ የአእምሮ ወይም የሥጋ ሕመም አለመኾኑ ሊመረመር ይገባል፤ ሕመም የሐኪም ሥራ ነውና።

በዚህ ላይ ሃይማኖትና ሕክምና ጠላቶች የሚመስሉት ሰው ካለ የአቡነ ማስያስን ታሪክ ይስማ። እኚህ ጉልዬልሞ ማሳያ የሚባሉት የካፑቺን ጳጳስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1868 እስከ 1879 ዓመት በሸዋ ነበሩ፤ በፊንፊኔም፥ ማለት ከዚሁ ከእንጦጦ ሥር፥ የሚሲዮን ስፍራ ነበራቸው። ወንጌልን ሲሰብኩ ፈንጣጣንም ይከትቡ ነበር፤ ሕዝቡ ይበልጥ ያወቃቸውም በክትባታቸው ነው። በኛም ዘመን፥ ኤች አይ ቪ የያዛቸው ብዙ ሺህ ሰዎች ወደ እንጦጦ ማርያም ጠበል በወጡ ጊዜ፥ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም ሕሙማኑ ጠበሉን ሲጠመቁ መድኃኒታቸውን እንዳይተዉ መክረዋል። የተቀደሰ ውኃ ጥምቀታችንን የሚያሳስበን፥ በቤተ ክርስቲያንም ጸሎት ጸጋን ለመቀበል የሚያዘጋጀን ነው፤ ሐኪሙን ይሻራል ብላ ግን ቤተ ክርስቲያን ከቶ አላስተማረችም።

ስለ ክታብ ብዙ አልናገርም። በባለቤቱ ቁመት ልክ የተቈረጠ ብራና፥ በላዩም ዐይኖች የተሣሉበት፥ ወርዝልያን ለማራቅ የሱስንዮስ ታሪክ የተጻፈበት፥ ጥንታዊ የእጅ ጥበብ ነው፤ በቤተ መዘክር ሳየው ደስ ይለኛል። በክርስቲያን አንገት ላይ ግን ትምህርተ ክርስቶሳችን በግልጽ ይነቅፈዋል። ለፈተና ሲቀርብ ክታብ የሚያስር ተማሪም ያሳዝነኛል፤ ያላነበበውን መጽሐፍ ብራናው አያነብለትም።

እንግዲያስ ጠበቃችን ምንድር ነው ትለኝ እንደ ኾነ፥ አስቀድመኽ የተቀበልኸውን አስብ። በተጠመቅኽ ቀን ፊትኽን ወደ ምዕራብ አዙረው ሰይጣንን ካዱልኽ፥ ወደ ምሥራቅም መልሰው በሥላሴ አመኑልኽ። ያ ክሕደት ዕለት ዕለት ይታደሳል፤ ጧት ከመኝታኽ ስትነሣ በትእምርተ መስቀል፥ ማታ ለዑቃቤ መልአክኽ በምታደርሰው አጭር ጸሎት፥ በንስሓና በቅዱስ ቍርባን። ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 6 ጦርነታችን ከሥጋና ከደም ጋራ እንዳልኾነ ያስረዳል። ሰይጣንን ልትዋጋ የተሰጠኽን ሰይፍ በሸክላ ሠሪ ላይ ብትመዝዘው፥ ጠላትኽ ከኋላኽ ቆሞ ይስቃል።

አንተም፥ አንቺም እኅቴ፥ ከዚህ በፊት ሰውን ቡዳ ብላችሁ እንደ ኾነ ለካህን መናዘዝ ይገባል፤ ነገር ግን በዚህ ብቻ አያበቃም። የሰውን ገንዘብ የሰረቀ መመለስ እንደሚገባው፥ ስም የሰረቀም ስሙን መመለስ አለበት፤ ይህ የቤተ ክርስቲያን ሕግ ነው። የተናገርኸው በቡና ላይ እንደ ኾነ፥ እነዚያው ሰዎች በተሰበሰቡበት ቡና ላይ «ያን ጊዜ ስለዚያች ሴት የተናገርሁት ሐሰት ነው፤ አንዳች ክፉ አላየሁባትም» ብለኽ ተናገር። ይህን ማለት እንዲያሳፍር ዐውቃለሁ፤ እርሷ ግን ያለ ጥፋቷ ስታፍር ኖራለች። ልጅኽ ሰምቶኽ እንደ ኾነ ለእርሱም ንገረው። ከዚህ በኋላ ጀበና ብታስፈልግኽ ወደ እርሷ ሂድ፤ ዋጋውን ሳትነታረክ ክፈል፥ ስሟንም ጠይቀኽ በስሟ ጥራት፥ እጅ ነሥተኽም ተመለስ።