እልኸኛው ማን ነው?

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ በሌሊት ያለ መብራት አይደፈርም። የስፖርት መኪናዬ ዲናሞ ባትሪ መሙላት ያቆመው እዚያው ደጀን ነበር። ሳይመሽ ለመሻገር ቸኩዬ ዲናሞውን ልፈታ ስታገል፥ የዛገው ብሎን እምቢ አለኝ። በእልህ ብታገለው ቁልፉ እየተንሸራተተ የብሎኑን ራስ በላው።

የጋራዡ ልጅ ግን ናፍጣ አፈሰሰበትና «ዝገቱ እስኪርስ ይታገሡ፤ ጋሼ» አለኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላ በፒንሳ ይዞ ቀስ ብሎ ፈታው። ጥፋቱም ያለቀ ካርቦን ብቻ ሆኖ ተገኘ። ካርቦኑ ተለወጠ፤ እኔ ግን ስለ መሸብኝ ደጀን አደርሁ።

ወጣት አንባቢ ሆይ! ብሎን ፈቃድ ስለሌለው እልኸኛ ሊባል አይችልም፤ እልኸኛው እኔ ነበርሁ። ችኮላውን በግዑዝ ነገር ማሳበብ የለመደ ሰው፥ ነገ በወንድሙ ማሳበቡ አይቀርም። ትዕግሥትም ናፍጣውን አፍስሶ መጠበቅ ነው፤ ምንም ሳይሠሩ መቀመጥ ግን ስንፍና ይባላል።