የዶሮ ራስና የእኛ ጽናት

ዶሮ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ሰውነቷን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ብታንቀሳቅሱት፣ ራሷ አየር ላይ የተቸነከረ ይመስል ካለበት ንቅንቅ አይልም። ያላያችሁ ሞክሩት፤ ለዶሮዋ ግን ራሩላት።

እኛ አይተን የምንስቅበትን ነገር የሮቦት መሐንዲሶች አጥንተውታል። ሰው መሰል ሮቦት ሲራመድ ራሱ ላይ ያለው ካሜራ በየእርምጃው ከተንቀጠቀጠ የሚያየው ሁሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ አንዳንዶቹ ከእንስሳት ተምረው የሚዛን መለኪያውን ራሱ ውስጥ አስቀመጡት፤ አካሉ ወዲህ ሲያዘነብል አንገቱ ወዲያ እንዲመልስ አደረጉ። መለኪያዎቹ ጋይሮስኮፕና አክስሌሮሜትር ይባላሉ። የመጀመሪያው መዞርን ይለካል፤ ሁለተኛው የፍጥነት ለውጥንና የመሬት ስበትን። ብዙዎቻችሁ በኪሳችሁ ይዛችኋቸው ትዞራላችሁ፤ ስልካችሁ ውስጥ አሉ።

ፈጣሪ ይህን በጆሯችን ውስጥ አስቀድሞ ሠርቶታል። በእያንዳንዱ ጆሮ ፈሳሽ የሞላባቸው 3 ቀጫጭን ቱቦዎች መዞርን ይነግሩናል፤ ጥቃቅን ጠጠሮች ያሉባቸው 2 ከረጢቶች ደግሞ ታች የት እንደሆነ። በስሜን ተራሮች 1,500 ሜትር ያህል ቁልቁል በሚወርደው ገደል አፋፍ የምትዘለው ዋልያም ያለዚህ አንድ እርምጃ አትራመድም።

ስለ ጽናት ስናስተምር ዐለትን ምሳሌ ማድረግ ለምደናል። ለእኔ ግን ዶሮዋ ትሻላለች። ራሷ ጸጥ ያለው አንገቷ ለአፍታ ስለማያርፍ ነው። ታዲያ ሮቦቱም ጸንቷል እንበል? እኔ አልልም። ቀጥ ማለት ምን እንደሚያስከፍል አያውቅማ! ሰው ግን ያውቃል፤ ጓደኛ ያጣል፣ ይሰደባል፣ አንዳንዴም ከዚህ የባሰ ይደርስበታል።

ሆኖም ከማሽኑ የምንማረው አለ። ጋይሮስኮፕ ብቻውን ሲሠራ ትንንሽ ስሕተቶቹ ይጠራቀማሉ፤ ቆይቶ ጎብጦ ሳለ «ቀጥ ብያለሁ» ይላል። የሚያርመው ከእርሱ ውጭ ያለ፣ እርሱ ያልፈጠረው ነገር ነው፦ ስበት። የራሱን ልብ ብቻ እየሰማ ቅን ነኝ የሚል ሰው ትዝ አላችሁ?

የጆሯችን ነገር ደግሞ የበለጠ ያስፈራኛል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በአንድ ፍጥነት ለረጅም ጊዜ ብትዞሩ፣ በቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከእናንተ ጋር መዞር ይጀምራል፤ የመዞር ስሜቱም ይጠፋል። የቆማችሁ ይመስላችኋል። ስትቆሙ ደግሞ ወደ ተቃራኒው የምትዞሩ ይመስላችኋል። በደመና ውስጥ የሚበሩ አብራሪዎች ከስሜታቸው ይልቅ መሣሪያውን እንዲያምኑ የሚሠለጥኑት ለዚህ ነው።

ጳውሎስ በኤፌሶን መልእክቱ ምዕራፍ 4 ስለ ማዕበልና ስለ ነፋስ ሲጽፍ የሚናወጠው ሰው መናወጡን የሚያውቅ ይመስለን ነበር። ካላወቀስ? ስለ ሌላው ብሔር የተጻፈ ስድብ በስልካችን መጀመሪያ ሲደርሰን ደነገጥን። በወሩ አለፍነው። ከዚያ ሳቅንበት፤ አንዳንዶቻችን ለሌላ ላክነው። አሁን ያንን የማይልክ ወንድም ሲገጥመን ያዘነበለው እርሱ ይመስለናል፤ «ምን ሆነሃል?» ብለን የምንጠይቀውም እርሱን ነው።

ልጆች ዞረው ዞረው ሲያቆሙ ምን እንደሚያደርጉ አይታችሁ ይሆናል። ወዲያው አይሮጡም፤ ቁጭ ብለው፣ የማይዞር አንድ ነገር ላይ ዓይናቸውን ተክለው ይቆያሉ። ማዞሩ እስኪለቅ ጊዜ ይወስዳል፤ ያቅለሸልሻልም። በሚቀጥለው የወጣቶች ጉባኤያችሁ ይህን ተጠያየቁ፦ መጀመሪያ አስደንግጦን አሁን የማያስደነግጠን ወሬ የትኛው ነው? ከመካከላችን እስካሁን የሚደነግጠውስ ማን ነው?